ደምሰውን ማን ያዘው?

ተረት ተረት! «የላም በረት» ልትሉኝ አፋችሁን ከፍታችኋል፤ ዝጉት። ላሟም በረቷም ከከተማ ከወጡ ቆይተዋል። ዛሬ «የአስፋልት ሥር መሬት» በሉኝ። አላችሁ? እሰይ። እንግዲያስ ስሙ።

ዝግባ ሥር በሚባል ሰፈር ወይዘሮ ይመኙሻል የሚባሉ ሴት ነበሩ። ምኞታቸው ትንሽ ነበረች። ቪላ አላማራቸውም፣ መኪና አላማራቸውም። በአንድ የብረት አጥር ላይ አንዲት በር፣ ሰው የምታሳልፍ፣ ሁለት ክንድ የምትሰፋ በር ብቻ ነበር የፈለጉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማው ፈጣን አውቶቡስ አመጣ። በሰፊው አስፋልት መሃል ለአውቶቡሱ ብቻ መንገድ ለየለት፤ ሰው ዘው ብሎ እንዳይገጭ ግራና ቀኙን በብረት አጥር አጠረለት። አውቶቡሱማ ምን ይወጣለታል! ድሮ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጀውን መንገድ በሃያ ደቂቃ ላጥ ያደርገዋል። ወይዘሮ ይመኙሻልም መጀመሪያ ያዩት ቀን እጃቸውን በአፋቸው ጭነው ቆመው ቀርተዋል። ግን አጥሩ ሰፈሩን ከማዶው ሆስፒታል ለየው። የእግረኛ ማቋረጫው ያለው ላይ፣ አደባባዩ ጋ ነው። ባለቤታቸው አቶ ደምሰው ደግሞ ኩላሊታቸው ከደከመ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ደማቸውን በማሽን ሊያሳጥቡ ማዶ ይሻገራሉ። ድሮ አምስት ደቂቃ ነበር። አሁን ሽቅብ እስከ አደባባዩ፣ ከዚያ ቁልቁል እስከ ሆስፒታሉ፤ ታጥበው ሲወጡም ያንኑ ሽቅብና ቁልቁል፣ በዛለ ጉልበት።

ቅዳሜ ዕለት ሲመለሱ መንገድ ላይ ወደቁ። ሰው አንሥቶ ቤት አስገባቸው። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡና፣ «ይመኙ፣ ከእንግዲህ አልሄድም። ከበሽታውስ ጋር ተላመድን፤ መንገዱ ነው የገደለኝ» አሉ።

«ምን ማለትህ ነው? ሐኪሙ ያለውን ረሳኸው እንዴ?»

ሐኪሙ፣ አንድ ቀን ቢቀሩ እግር ያብጣል፣ ሁለት ቀን ቢቀሩ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሦስተኛውን ግን አይሞክሩት ነበር ያላቸው። አቶ ደምሰው አልረሱትም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ።

ሰኞ በማለዳ ወይዘሮ ይመኙሻል ነጠላቸውን አጣፉና የፈጣን አውቶቡሱ የማሻሻያ ፕላን የሚሠራበት ቢሮ ሄዱ። ኢንጂነር ረድኤት የምትባል ልጅ እግር መሐንዲስ ተቀበለቻቸው። ፕላኑ ዓርብ በሥራ ሰዓት ማብቂያ ይታተማል፤ ከዚያ በኋላ ለአምስት ዓመት የሚነካው የለም አለቻቸው። ከዚያ ጠረጴዛ የሚያህል ወረቀት ዘረጋችላቸው። ወረቀቱ በመስመር ብዛት መቆሚያ የለውም።

«ልጄ፣ ይሄ ሰማያዊው ምንድን ነው?»

«ውሃ ነው፣ እማማ።»

«ቀዩስ?»

«መብራት።»

«ቢጫውስ?»

«ስልክ ነው። ይሄ ሁሉ በእርስዎ ሰፈር በኩል ነው የሚያልፈው።»

ወይዘሮ ይመኙሻል ራሳቸውን ያዙ። ሥልሳ ዓመት ሙሉ የረገጡት መሬት ባዶ አፈር ይመስላቸው ነበር። «አቤት የሰው ሥራ! በዚህ ሁሉ ላይ ነው ለካ ስንራመድ የኖርነው!» አሉ። ከዚያ የመጡበትን ነገር ተናገሩ፤ ስለ ደምሰው፣ ስለ ቅዳሜው አወዳደቅ፣ ስለ በሯ።

መሐንዲሷ እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው። «እማማ፣ አውቶቡሱ ለሰው ነው የመጣው፤ በሯን ብከፍታት ደስታዬ ነው። ግን ተሻጋሪው የሚያርፍበት ቦታ ላይ የውሃ ቧንቧ ጉድጓድ አለ፤ ክዳኑ ጉልበት ያህል ከመሬት ወጥቷል። እዚያ ላይ በሽተኛ አላሳርፍም። ቧንቧው ዞር ካለልኝ መስመሩን በዚያው ቀን እስለዋለሁ» አለች።

እንግዲህ ቁጠሩ። (በዜማ ላይ አንቱታ አይገባምና አቶ ደምሰው ይቅር ይበሉኝ።) ደምሰውን አጥሩ ያዘው፤ አጥሩን ወረቀቱ ያዘው፤ ወረቀቱን ቧንቧው ያዘው።

ወይዘሮ ይመኙሻል የውሃውን ሰውዬ ፍለጋ ሄዱ። ሊቆጡት ነበር የሄዱት፤ ቃሉንም መንገድ ላይ አዘጋጅተዋል። ሰውዬው አብሯቸው መጣና የጉድጓዱን ክዳን በብረት ፈንቅሎ ከፈተው። «ጎንበስ ይበሉ፣ እናቴ። ያዳምጡ።» ጎንበስ አሉ። ታች፣ በጨለማው ውስጥ፣ ውሃው ይጮኻል። ክረምት የሞላ ወንዝ ነው የሚመስለው።

«በስመ አብ! የት ነው የሚሄደው?»

«ማዶ፣ ሆስፒታል። የኩላሊት ማጠቢያው ማሽን ውሃ አይጠግብም። አንድ ሰው ለማጠብ ብቻ በርሜል ሙሉ ይፈልጋል።»

የተዘጋጀው ቁጣ ሳይወጣ ቀረ። ይሄን ውሃ ምን ብለው ይቆጡታል? ደምሰውን ያቆየው እሱ አይደል? «ቧንቧውን ሦስት እርምጃ ወደ ቀኝ ባዞረው ደስ ይለኝ ነበር» አለ ሰውዬው። «ግን በቀኝ በኩል የመብራት ምሰሶ ቆሟል። ሥሩን ብቆፍር ይወድቅብኛል።»

ደምሰውን አጥሩ ያዘው፤ አጥሩን ወረቀቱ ያዘው፤ ወረቀቱን ቧንቧው ያዘው፤ ቧንቧውን ምሰሶው ያዘው።

ማክሰኞ ሆነ። አቶ ደምሰው አልሄዱም። «ተነሣ እንጂ!» ቢሏቸው፣ ቢለምኗቸው፣ ቢያለቅሱባቸው፣ ወይ ፍንክች። ከሰዓት በኋላ እግራቸው አበጠ፤ ጫማ እንቢ አለ። ወይዘሮ ይመኙሻል ያበጠውን እግር ትራስ ላይ አሳረፉና በሩጫ የመብራቱን ሰውዬ ፍለጋ ወጡ።

የመብራቱ ሰውዬ ምሰሶውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ ሰው ጎረቤቱን ትከሻ እንደሚመታ። «እትዬ፣ ይህን ምሰሶ አይናቁት። ማዶ ያሉት ማሽኖች ሁሉ የሚዞሩት በዚህ ሽቦ ነው። ለአንዲት ደቂቃ ባጠፋው እዚያ የተኛው ሰው ደሙ ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አዲስ ምሰሶ ሳልተክል አሮጌውን አልነቅልም» አለ።

«ታዲያ አዲሱን ትከለዋ፣ ልጄ!»

«የት ልትከለው? በዚህ ጎን ዝግባው አለ። ቅርንጫፉ ሽቦ ከነካ እሳት ነው።»

ወይዘሮ ይመኙሻል ቀና አሉ። ሽቦው እዝዝዝ ይላል፤ በዚያች ቅጥነቱ የስንቱን ሰው ነፍስ ተሸክሟል!

ደምሰውን አጥሩ ያዘው፤ አጥሩን ወረቀቱ ያዘው፤ ወረቀቱን ቧንቧው ያዘው፤ ቧንቧውን ምሰሶው ያዘው፤ ምሰሶውን ዛፉ ያዘው።

ዛፍ ደግሞ በዛሬ ጊዜ ባለቤት አለው። የከተማውን ዛፎች የምትጠብቀው ሴትዮ ሜትር ይዛ መጣች። የዝግባውን ግንድ ብቻዋን ልትለካ ሞክራ አልሆነላትም፤ የሜትሩን ጫፍ ወይዘሮ ይመኙሻል ያዙላትና በሁለት ሰው ዞሩት። «ከተማው ሳይቆረቆር የበቀለ ነው» አለች ሴትዮዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «መጥረቢያ ይዞ የሚመጣ ካለ መጀመሪያ እኔን ይቁረጥ።»

«ይቅር ይበለኝ፣ ማን ቁረጪው አለሽ? ስሙን እኮ ለሰፈራችን የሰጠ ነው።»

«እንግዲያው ምሰሶው በጀርባው በኩል ይዙር፤ እፈቅዳለሁ። ግን ከጀርባው የእድራችሁ የዕቃ ቤት ተለጥፏል። እሱን አንሡልኝ።»

አያችሁ? ሁሉም እሺ ይላል፤ ሁሉም ግን አንድ ግን አለው። ደምሰውን አጥሩ ያዘው፤ አጥሩን ወረቀቱ ያዘው፤ ወረቀቱን ቧንቧው ያዘው፤ ቧንቧውን ምሰሶው ያዘው፤ ምሰሶውን ዛፉ ያዘው፤ ዛፉን የእድሩ ቤት ያዘው።

ረቡዕ ጠዋት ወደ እድሩ ዳኛ ወደ ጋሽ ታፈሰ ሄዱ። ጋሽ ታፈሰ ቁልፋቸውን አንጠልጥለው መጡና የቆርቆሮ ቤቱን ከፈቱት። ሁለት ድንኳን ተጠቅልሎ ቆሟል። መቶ ሃያ አግዳሚ ወንበር እስከ ጣራው ተደርድሯል። ብረት ድስት፣ ሰፌድ፣ ጆግ፣ ምንጣፍ። ወይዘሮ ይመኙሻል ሠላሳ ዓመት የእድሩ አባል ሲሆኑ ይህን ሁሉ በአንድ ላይ አይተውት አያውቁም። እናታቸው ሲሞቱ የተቀመጡበት ወንበር እዚህ ውስጥ ነው። ወንድማቸው ሲሞት ዝናብ የከለለላቸው ድንኳን ይኸው። የሰፈሩ እንባ ሁሉ የፈሰሰበት ዕቃ በሥርዓቱ ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ ቀጣዩን ይጠብቃል። የዛፉ ግርማ አስገርሟቸው ነበር፤ ይሄኛው ግን አስፈራቸው።

«ይመኙሻል፣ እኔ ዳኛ ነኝ እንጂ ባለቤት አይደለሁም» አሉ ጋሽ ታፈሰ። «ይህ ቤት ከቦታው የሚነሣው አባላቱ ወጥተው እጅ ሲያወጡ ነው። ጉባኤያችን ደግሞ ከሁለት ወር በኋላ ነው።»

«ከሁለት ወር በኋላማ ምን ዋጋ አለው? ዓርብ እኮ ነው ነገሩ የሚያልቀው! አስቸኳይ ጥራልኝ።»

«አስቸኳይ የሚጠራው በጡሩምባ ነው፤ ደንባችን ነው። ጡሩምባው ደግሞ በጋሽ ወንድይፍራው እጅ ነው።»

ደምሰውን አጥሩ ያዘው፤ አጥሩን ወረቀቱ ያዘው፤ ወረቀቱን ቧንቧው ያዘው፤ ቧንቧውን ምሰሶው ያዘው፤ ምሰሶውን ዛፉ ያዘው፤ ዛፉን የእድሩ ቤት ያዘው፤ ቤቱን አባላቱ ያዙት፤ አባላቱን ጡሩምባው ያዘው። እኔም ትንፋሼ ተያዘ፤ ቆይ አንዴ ልተንፍስ።

እ! ጋሽ ወንድይፍራው በራፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይሆንም፣ እህቴ። ጡሩምባ ለሞተ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ነፍቻለሁ፤ ለሠርግ ንፋ ብለውኝ እንቢ ብያለሁ፤ ለምርጫ ንፋ ብለውኝ እንቢ ብያለሁ። ይህን ድምፅ የሰማ ሰው ማን ሞተ ብሎ ነው ከአልጋው የሚዘለው። ሳይሞት ከነፋሁት፣ ነገ ሲሞት ማን ያምነኛል?»

እውነታቸውን ነው። ወይዘሮ ይመኙሻል ደጃፉ ላይ ዝርግፍ ብለው ተቀመጡ። የሦስት ቀን እንባ መጣ።

«እሺ ወንድሜ። ደምሰው ሲሞት ግን ትነፋለህ፣ አይደል?»

«ጠላቱ ይሙት! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«ትነፋለህ። በውርጭ ትነሣለህ፣ ሰፈሩን ሁሉ ትዞራለህ። ሦስት መቶ አባወራ ነቅሎ ይወጣል። ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይወጣል፣ ሬሳው እንዲያልፍ ያ አጥርም ቢሆን ይከፈትለት ይሆናል። እኔ ሌላ ሰው አምጣልኝ አላልኩህም። ያንኑ ሕዝብ ነው የምለምንህ። ሲሞት የምታመጣልኝን ሕዝብ፣ ሳይሞት አምጣልኝ። ዓይኑ እያየ ይምጡለት።»

ጋሽ ወንድይፍራው ከተቀመጡበት ተነሡ። ከዚያ ገብተው ጡሩምባውን አወጡና በጋቢያቸው ጫፍ መወልወል ጀመሩ። «ምን ብዬ ነው የምለፍፈው?» አሉ በመጨረሻ። «ለዚህ የሚሆን ቃል እኮ የለኝም።»

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ጡሩምባው ጮኸ። መስኮት ተከፈተ፣ ውሻ ጮኸ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ጆሮውን አቀና።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የእድራችን አባል አቶ ደምሰው…» ድምፃቸው ተቆረጠ። ከየቤቱ «ውይ!» የሚል ድምፅ ወጣ። አንዷ ጎረቤት ነጠላዋን ዘቅዝቃ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች መንገድ ገባች። «አቶ ደምሰው አልሞቱም! በሕይወት አሉ! እንዳይሞቱ ውጡ! ሰው ሳይሞት ውጡ!»

እንዲህ ያለ ነገር በዝግባ ሥር ተሰምቶ አያውቅም። ሰው ግማሹ ሰምቶ፣ ግማሹ ሳይሰማ፣ ሁሉም ግን ወጣ። አልቃሿ ጎረቤት የአቶ ደምሰውን በር በርግዳ ስትገባ፣ አቶ ደምሰው ጋቢያቸውን ደርበው፣ በግድግዳው ተደግፈው እየወጡ ነው።

«ማነው የሞተው?» አሏት።

«አንተ!»

«እኔ? ማን ነገረሽ?»

ሴትዮዋ እዚያው ተቀምጣ ሳቋና ለቅሶዋ ተደባለቀባት። አቶ ደምሰው ከበሩ ወጥተው ቀና አሉ። ሰው። መንገዱ ሙሉ ሰው። ከላይ እስከ ታች፣ ልጅ ያዘለች፣ ጥርሱን እየፋቀ የመጣ፣ ከዘራ የያዘ፣ የሥራ ልብሱን ለብሶ ያልጨረሰ። ሁሉም እሳቸውን ያያል። በእንዲህ ያለ ሕዝብ ፊት የቆመ ሕያው ሰው አይተው አያውቁም፤ እንዲህ የሚታጀበው ሬሳ ብቻ ነበር። የበሩን መቃን ያዙ። «ይሄ ሁሉ ሰው… ለእኔ ነው?» አሉ። እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ ሊጠርጉት እንኳ አልሞከሩም። ወይዘሮ ይመኙሻል ከጎናቸው ቆመው ነበር፤ በዚህ ሁሉ ቀን ካዩት ሁሉ፣ ከውሃውም ከሽቦውም ከዛፉም፣ እንዲህ ያስደነቃቸው ነገር አልነበረም።

ጋሽ ታፈሰ ነገሩን አስረዱና «ቤቱ ይነሣ የምትሉ?» አሉ። የእጅ ጫካ ተነሣ።

«ይነሣስ፤ የት ይሂድ?» አለ አንዱ።

«እኛ ግቢ» አሉ ወይዘሮ ይመኙሻል። «ጌሾዬን እነቅለዋለሁ።»

ሕዝቡ ተጉረመረመ። የሐዘን ድንኳን የታመመ ሰው ግቢ? ሟርት ነው! ይህን ጊዜ አቶ ደምሰው ናቸው የተናገሩት። «ይግባ። ድንኳኑ እኔ ዘንድ ካለ ጠባቂው እኔ ነኝ። ጠባቂ ደግሞ ዕቃውን ጥሎ የትም አይሄድም።» ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

እድርን ዕቃ ማንሣት ማንም አያስተምረውም። ቆርቆሮው ተነቀለ፣ ወንበሩ በሰልፍ ሄደ፣ ረፋድ ላይ ቤቱ በአዲሱ ቦታው ቆሞ ነበር። «ይመኙ፣ ያን ሰፊ ነጠላ ጫማ አምጪልኝ» አሉ አቶ ደምሰው። «ዛሬ ሐሙስ አይደለም እንዴ?» አራት ወጣቶች በእድሩ ወንበር ተሸክመው በአደባባዩ በኩል አዞሯቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ በሯ እስክትከፈት ድረስ፣ ሰፈሩ ተራ ገብቶ በሳምንት ሦስት ቀን ሲያደርስ ሲመልስ ከረመ።

ወይዘሮ ይመኙሻል ደግሞ ቃለ ጉባኤውን ይዘው ሲሮጡ ዋሉ፣ ሲሮጡ አደሩ ማለት ይቀላል። የዛፉ ሴትዮ ፈረመች። የመብራቱ ሰውዬ ምሰሶውን ሊያዞር ፈረመ። የውሃው ሰውዬ ቧንቧውን ሊያዞር ማኅተሙን መታ። ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ወረቀቱ ኢንጂነር ረድኤት ጠረጴዛ ላይ አረፈ። መሐንዲሷ ማኅተሞቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ደግማ አየቻቸው። «እማማ፣ ይህን ሁሉ በአምስት ቀን? እኔ እኮ አንዱን ማኅተም ለማግኘት ሰባት ወር ጠብቄያለሁ» አለች። ከዚያ እርሳሷን አነሣች።

በሉ አብራችሁኝ ፍቱ። ጡሩምባው አባላቱን ለቀቃቸው፤ አባላቱ ቤቱን ለቀቁት፤ ቤቱ ዛፉን ለቀቀው፤ ዛፉ ምሰሶውን ለቀቀው፤ ምሰሶው ቧንቧውን ለቀቀው፤ ቧንቧው ወረቀቱን ለቀቀው፤ ወረቀቱ አጥሩን ለቀቀው፤ አጥሩም ደምሰውን ለቀቀው።

በሚያዝያ፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በሯ ተከፈተች። መሬት ላይ ነጭ መስመር ተሰምሯል፤ ለእግረኛ አረንጓዴ መብራት አለ። አቶ ደምሰው ደጋፊ አልፈልግም አሉ። ወይዘሮ ይመኙሻል ኋላ ኋላ ተከተሏቸው። ፈጣን አውቶቡሱ ከነግዝፈቱ መጣና ከመስመሩ ፊት ቆመ። አቶ ደምሰው ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት፤ በጣም ቀስ ብለው። መሃል ላይ ሳሉ የእግረኛው መብራት ቀላ፣ የአውቶቡሱ አረንጓዴ በራ።

ሾፌሩ አልነዳውም። እጁን ከመሪው አንሥቶ ጭኑ ላይ አሳረፈ። መቶ ምናምን መንገደኛ በመስኮቱ ያያል፤ ሥራ የረፈደበት አለ፣ ቀጠሮ ያለው አለ፣ አንድም ሰው «ንዳው እንጂ!» አላለም። አቶ ደምሰው ማዶ የእግረኛ መንገዱ ላይ ወጡ፤ ዞር ብለው ለአውቶቡሱ ኮፍያቸውን አነሡ፤ ከዚያ በራሳቸው እግር በሆስፒታሉ በር ገቡ።

ተረቴን መልሱ፣ የታመመ ጎረቤት ካላችሁ አድርሱ።